ባየሽ መሪ የጨበጠችበት በጋ

ደባርቅ ላይ ኅዳር ሲገባ ሌሊት የጣለው ውርጭ ጠዋት በጓሮ ጎመን ላይ ነጥቶ ይታያል። ባየሽ ከልጅነቷ ጀምሮ ያንን ውርጭ ስትረግጠው ኖራለች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ግን አልቻለችውም። ደረቷ እየተዘጋ ትንፋሽ ያጥራታል። የባሏ የለይኩንም ጉልበት ብርድ ሲነካው አልታጠፍ ይላል። ሐኪሙ ሁለቱንም ካየ በኋላ ክኒን ጻፈላቸውና፣ ከክኒኑ ይልቅ የሚበጃችሁ የብርዱን ወራት ቆላ ወርዳችሁ ብታሳልፉ ነው አላቸው።

ቆላ ሲባል ለለይኩን የገንዳ ውሃ ከተማ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ከጎንደር መተማ የሕዝብ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ከአዘዞ ጀምሮ እስከ ድንበሩ ድረስ ያለውን ኩርባ ሁሉ እጁ ያውቀዋል። በኋላ ላይ ደግሞ የሽንፋን መስመር ያዘ። ባየሽ የደባርቅ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች። ቀኑን ስትተይብ ውላ ማታ ልጇን ስታስጠና ነው የኖረችው፤ ቆላውን የምታውቀው ባሏ ይዞላት በሚመጣው ሎሚና ሰሊጥ ብቻ ነበር። ስለዚህም መጀመሪያ የወረዱ ዓመት ከአውቶቡስ ወርዳ ሙቀቱ ፊቷን ሲመታት ሹራቧን አወለቀችና፣ «ይሄን ሁሉ ዘመን ለብቻህ ስትሞቅ ኖረሃል ለካ» አለችው።

ያረፉት ገበያው አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ባላቸው በአብዱረሕማንና በባለቤቱ በኩብራ ግቢ ነው። አብዱረሕማን ለይኩንን ያወቀው ዕቃውን በአውቶቡሱ ጣራ ላይ ሲያስጭን ነው። ግቢው ሰፊ ነው፤ ድሮ ሰሊጥ የሚራገፍበት ነበር። ከጀርባ ያለችውን ክፍል ጠርገው፣ ሁለት የገመድ አልጋ አስገብተው ሰጧቸው። ከክፍሏ ፊት ለፊት የሰፈሩ ሰው ራኩባ የሚለው ከማሽላ አገዳ የተሠራ ዳስ አለ፤ ፀሐዩ ሲከር የግቢው ሰው ሁሉ እዚያ ጥላ ሥር ይሰበሰባል።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ሳምንት ጠብቀው ይወርዳሉ፤ የመጋቢት ሐሩር ሳይብስ ይመለሳሉ። ባየሽ ቆላውን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ወደደችው። ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ ገበያ ትወጣለች፤ ለአጨዳ የወረዱ የጎጃምና የወሎ ልጆች ማጭዳቸውን በጆንያ ጠቅልለው አሠሪ ሲጠብቁ ታገኛቸውና ከየት እንደመጡ ትጠይቃቸዋለች። ኩብራ ሱዳኖች የሚለብሱትን ስስ ቶብ አለበሰቻት፤ ከአበባ የሚፈላውን ቀይ ከርከዴ አቀዝቅዞ መጠጣት አስለመደቻት። ሳሏ ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ ሳትነቃ ማደር ጀመረች። ለይኩንም ጉልበቱ ተፍታትቶለት ጠዋትና ማታ በእግሩ ከተማውን ይዞራል፤ በየሱቁ የሚያውቀው ሰው አያሳልፈውም፤ እያንዳንዱ በረንዳ ላይ ሻይ አለው።

በሦስተኛው ዓመት ግን ለይኩን ወደ ቆላ የወረደው ዓይኑን ታሞ ነው። የዓይን ግፊት ነው ተባለ። ዘግይቶ ስለታወቀ ሐኪሞቹ የቀረውን ለማቆየት እንጂ የሄደውን ለመመለስ አልቻሉም። ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ሰው ቆሞ እንደሆነ ያያል፤ ማን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ሲናገር ነው። ገንዳ ውሃ በደረሱ በሳምንቱ ለሰላምታ ወጥቶ ከአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ወደቀ። ክፉ ጉዳት አልደረሰበትም፤ ክርኑ ተላጠ፣ ሱሪው ተቀደደ፤ ሰዎች አንስተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ በባጃጅ ግቢው ድረስ አመጡት። ከዚያ ቀን በኋላ ከግቢው አልወጣም አለ።

ባየሽን ያሳሰባት መውደቁ አልነበረም። ዝምታው ነው። ጠዋት ከገመድ አልጋው ተነሥቶ ራኩባው ሥር ካለው ሌላ አልጋ ላይ ይጋደማል፤ ሬዲዮኑን ይከፍታል፤ ሲመሽ ይመለሳል። ሻይ ሊጋብዙት የሚመጡትን ሰዎች በትህትና ይሸኛቸዋል። ኩብራ ባጃጅ ጠርታ ወደ ገበያ እንዲወጣ ብትለምነው፣ በሰው መሪ ለመሄድ ዕድሜዬ አይፈቅድም ብሎ በቀልድ አለፋት። ባየሽ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ሽንፋ ላይ አብዱልሀኪም የሚባል ወዳጅ አለው። አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ አውቶቡሱ ከነተሳፋሪው ሽንፋ ላይ ሲታገድ፣ ባለሱቁ አብዱልሀኪም ሱቁንም ቤቱንም ከፍቶ መንገደኛውን ሁሉ ውሃው እስኪጎድል አስተናግዶት ነበር። ወንድማማች የሆኑት በዚያ ነው። አብዱልሀኪም አሁን ግማሽ ጎኑ አይታዘዘውም፤ ከቤቱ ደጅ አልፎ አይሄድም። በየዓርቡ ከጁምዓ በኋላ በስልክ ይደዋወላሉ። ኔትወርኩ በመሀል ይቆራረጥና ሁለቱም «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲሉ ያልቃል።

በአንዱ ዓርብ ስልኩ እንደለመደው ሲቋረጥ ለይኩን ቀፎውን በእጁ እንደያዘ ብዙ ቆየ። ባየሽ በሕዝብ መኪና ሽንፋ ደርሰው እንዲመለሱ ሐሳብ አቀረበች። እሱ ራሱን ነቀነቀ።

«ሽንፋ ሰው ሁሉ ያየኝ መሪ ላይ ነው» አላት። «ተደግፌ ከመኪና ስወርድ እንዲያየኝ አልፈልግም። ተይው፣ ባየሽ።»

እሷም ያን ጊዜ ተወችው። ግን እያሰበችበት አደረች።

ግቢው ጥግ ላይ ሸራ የለበሰች ባጃጅ ቆማለች። የአብዱረሕማን ልጅ አሚን ሲነዳት የነበረች ናት፤ እሱ ለትምህርት ጎንደር ከወጣ ወዲህ የሚነካት የለም፤ ዶሮዎች ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ባየሽ በማግስቱ ጠዋት ሸራውን ገልጣ አየቻት። ከዚያ ኩብራ ዘንድ ሄዳ ባጃጅ መንዳት መማር እንደምትፈልግ ነገረቻት። ኩብራ የቀለደች መስሏት ሳቀች። ባየሽ አለመሳቋን ስታይ ግን ሳቋን ገታችና፣ «እትዬ ባየሽ፣ ከምርዎ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ከምሯ ነበር። ኩብራ የዚያኑ ዕለት ባሏን አሳምና ቁልፉን አመጣችላት፤ አብዱረሕማንም መካኒክ ጠርቶ ባጃጇን አስፈተሸ፣ ጎማና ዘይት አስቀየረ።

ባየሽ ለይኩን እንዲያስተምራት ለመነችው። እሱ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተቆጣ፤ በመጨረሻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ባሕር ዳር ያለችው ልጃቸው የትናየት በስልክ ሰምታ በጣም ተጨነቀች። እናቷ ለሕክምና ቆላ ወርዳ መኪና ሥር ልትገባ ነው ብላ ልታለቅስ ደረሰች፤ በዚህ ዕድሜሽ አለቻት።

«ልጄ፣ ትርፍ ጊዜ ያገኘሁት እኮ በዚህ ዕድሜዬ ነው» አለቻት ባየሽ።

ከተማው ውስጥ ባለው ማሰልጠኛ ተመዘገበች። አሰልጣኙ ዑበይዳ የሚባል ቀጭን ጎልማሳ ነው። አብረዋት የሚማሩት ሁሉ ልጆቿ ሊሆኑ የሚችሉ ወጣቶች ናቸው። የመንገድ ሕጉን ትምህርት ቶሎ ያዘችው፤ ምልክቶቹን ከሁሉም ቀድማ በቃሏ አወቀች። መሪው ላይ ስትቀመጥ ግን እጆቿ አልታዘዝ አሏት። ባጃጅ በግራ እጅ ፍሪሲዮን ይያዛል፣ በዚያው እጅ ማርሽ ይዞራል፣ በቀኝ ነዳጅ ይሰጣል፣ በእግር ፍሬን ይረገጣል። ባየሽ አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል። ሞተሩ ጠፋ፣ ተነሣ፣ ዘለለ፣ ጠፋ። ዑበይዳ ታጋሽ ሰው ስለሆነ አልተናገራትም፤ ቤትዎ ባጃጅ ካለ ግቢ ውስጥ ይለማመዱ ብሎ መከራት።

በሰፊው ግቢ ውስጥ መለማመድ ጀመረች። ለይኩን ራኩባው ሥር ተጋድሞ ሬዲዮኑን ጮክ አድርጎ ከፈተ። ሞተሩ ሲጮህ እሱም የሬዲዮኑን ድምፅ ይጨምራል። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። ባየሽ በዚህ በኩል ታስነሣለች፣ በዚያ በኩል ይጠፋባታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሬዲዮኑ ዝም አለ። ለይኩን ከአልጋው ተነሥቶ፣ ምርኩዙን ሳይፈልግ፣ ድምፁን ተከትሎ እስከ ባጃጇ መጣ።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂው እንጂ፤ እየገደልሽው ነው» አላት።

እሱ በእጁ እየዳሰሰ ኋላ ገብቶ ተቀመጠ። እንደገና አስነሺ አላት። አስነሣች። ቆይ፣ ስሚው፣ አሁን እያጉረመረመ ነው፣ ነዳጅ ጨምሪለት አላት። ጨመረች። አሁን ልቀቂ፤ ቀስ፤ ቀስ፤ ያዝ ሲያደርግ ይሰማሻል አላት። ያዝ ሲያደርግ ተሰማት። ባጃጇ ሳትዘል፣ ሳትንቀጠቀጥ፣ ግቢውን እንደ ውሃ ፈስሳ ዞረች። ኩብራ ከሱቁ ደጅ ሆና እያየች እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለይኩን አልጋው ላይ ቀን ቀን አልተጋደመም። ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቆልፎ፣ ኋላ ወንበር ላይ ይጠብቃታል። ዓይኑ ባያይም ጆሮው ሁሉን ይሰማል። ማርሹ ሳይገባ ሲቀር፣ ነዳጁ ሲበዛ፣ ፍሬኑ ሲዘገይ ወዲያው ያውቃል። አንዳንዴ ይቆጣታል፤ እሷም ትመልስለታለች፤ ኩብራ እንዳወራችው እነዚህ ባልና ሚስት በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ያልተጣሉትን በዚያ ወር ተጣልተው ጨረሱት። ማታ ግን ራኩባው ሥር ተቀምጠው ሲስቁ ይሰማል።

ፈተናው ጥር ውስጥ ደረሰ። የጽሑፉን ባየሽ በከፍተኛ ውጤት አለፈች። የተግባሩ ፈተና ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ ነው፤ እንጨት ተተክሎ ስምንት ቁጥር ተሠርቷል፤ እንጨት ሳይነኩ ዞሮ መውጣት ያስፈልጋል። ባየሽ በደህና ገባች። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ግን የኋላ ጎማዋ አንዱን እንጨት ነክቶ ጣለው። ፈታኙ በአክብሮት፣ እናቴ፣ ሌላ ጊዜ ይሞክራሉ አላት። በባጃጅ ሥራ የሚተዳደሩ ወጣቶች ከሜዳው ዳር ቆመው ሲያዩ ነበር። ማንም አልሳቀባትም፤ እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ግቢ ደርሳ ራኩባው ሥር ስትቀመጥ እንባዋ መጣ። ራሷን ልታታልል እንደማትችል፣ የልጅ ሥራ ለልጅ እንደሆነ፣ ነገ ባጃጇን ሸራዋን እንደምታለብሳት ተናገረች። ለይኩን እስክትጨርስ ጠበቃት። የነካሽው በየትኛው ጎማ ነው ብሎ ጠየቃት። በቀኙ አለችው።

«ስትዞሪ ምን እያየሽ ነበር?»

«እንጨቱን ነዋ። እንዳልነካው።»

«አንቺ ስትተይቢ ጣትሽን ታያለሽ?»

ባየሽ እንባዋን ጠረገች። «አላይም። የማየው ጽሑፉን ነው።»

«ታዲያ እንጨቱን ምን አሳየሽ? ሰው ወደሚያየው ነው የሚሄደው። መውጫውን እዪ።»

በማግስቱ ኩብራ የግቢውን ጀሪካን ሁሉ ሰብስባ ውሃ ሞላችና በስምንት ቁጥር አሰለፈቻቸው። አብዱረሕማን የሱቁን ጥቅል ጨርቆች መደርደሪያ ላይ ትቶ ሊያይ መጣ። ባየሽ መጀመሪያ ሁለት ጀሪካን ጣለች። ለይኩን ውሃው ሲፈስ ሰምቶ፣ እንደገና አላት። ቀኑ ሲመሽ አንድ ጣለች። በሳምንቱ ማብቂያ ላይ ዓይኗን ከፊቷ ካለው ክፍት ቦታ ሳትነቅል፣ እጆቿ የራሳቸውን ሥራ እየሠሩ፣ ምንም ሳትነካ ወጣች። ከዚያ ደገመችው። ከዚያ በኋላ ጀሪካን የወደቀበት ቀን የለም።

ሁለተኛው ፈተና ላይ ለይኩን ራሱ ሄደ። ከወደቀበት ዕለት ወዲህ ከግቢ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው። በኩብራ ክንድ ተደግፎ ከሜዳው ዳር ቆመ። ባየሽ ስትገባ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። የመጀመሪያውን ኩርባ ስትዞር ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛው ላይ ትንፋሹን ያዘ። የሞተሩ ድምፅ ሳይቆራረጥ፣ ሳይጮህ፣ እኩል ሆኖ ወደ መውጫው ሲሄድ ግን ማንም ሳይነግረው፣ «አለፈች» አለ። እውነትም አልፋ ነበር። ባለ ባጃጆቹ ክላክስ እያስጮሁ ሜዳውን አናጉት። ሱዳኖች አያትን እንደሚጠሩት «ሐቦባ! ሐቦባ!» እያሉ ነበር የሚጮሁት፤ ያ ስም ከዚያ በኋላ ገንዳ ውሃ ላይ ቀረላት። ባየሽ ከባጃጇ ወርዳ ወደ ባሏ ስትመጣ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኖ ነበር። ለይኩን እጁን ዘርግቶ ፈለጋትና ትከሻዋን ሲያገኘው ጭምቅ አድርጎ ያዛት።

መንጃ ፈቃዷን እንደተቀበለች የመጀመሪያ ሥራዋ ምን እንደሚሆን ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። እሷ ራሷ ኋላ ዞራ ለይኩንን፣ «ሽንፋ እወስድሃለሁ። በሰው መሪ አልሄድም ካልክ እኔ ሰው አይደለሁም፤ ሚስትህ ነኝ» አለችው። እሱም መቼ እንነሣ አላት።

አብዱረሕማን ባጃጅ ያን ያህል ርቃ መሄዷ አሳስቦት ነበር። መካኒኩን መልሶ ጠራ፤ ተቀያሪ ጎማ፣ ውሃና ነዳጅ አስጫነ፤ ከፊት ከፊታቸው የሚሄድ የሚያውቀው የጭነት መኪና ሾፌር አገኘና አደራ አለው። ኩብራ ቋንጣና ዳቦ ቋጠረችላቸው። ቅዳሜ ማለዳ፣ አየሩ ገና ሳይሞቅ፣ ወጡ። ለይኩን ነጭ ጋቢውን ትቶ ድሮ ሲነዳ የሚለብሰውን ካኪ ኮት ለብሷል።

ከከተማው ሲወጡ የማሽላው አጨዳ እያለቀ ነበር። በግራና በቀኝ የታጨደው ማሳ ተዘርግቷል፤ ከዚያ ወዲያ ጥጥ የሚለቅሙ ሰዎች ጎንበስ ቀና ይላሉ። ባየሽ የምታየውን እየነገረችው ትነዳለች፤ እሱም የሚያስታውሰውን ይነግራታል። አሁን ወደ ግራ የሚጥል ኩርባ ይመጣል ይላታል፤ እሷም መጣ ትለዋለች። ቀጥሎ ትልቅ ዛፍ አለ ሲላት፣ ዛፉ ተቆርጦ በቦታው ቤት ተሠርቷል አለችው። ለይኩን ቤቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቃት። ቆርቆሮው ሰማያዊ እንደሆነ፣ ደጁ ላይ አንዲት ሴት ልብስ እንደምታሰጣ ነገረችው። እሱ የሚያውቀው አሮጌው መንገድና እሷ የምታየው አዲሱ እንዲህ እየተገጣጠሙ ሄዱ።

መንገዱ ወደ አንድ ደረቅ ወንዝ ይወርዳል። ክረምት የሚፈስ፣ በጋ አሸዋ ብቻ የሚቀር ወንዝ ነው። ከፊት የሄደው የጭነት መኪና ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ ግን የእሱ ጎማ አሸዋውን በጥልቅ አርሶታል። ባየሽ ከአፋፉ ላይ ቆመች። ባጃጇ እዚያ ውስጥ ከገባች እንደምትቀር አየች። የመኪናው ሾፌር ከማዶ ሆኖ፣ ይውረዱና እኔ ላሻግራት ብሎ ጮኸ።

ለይኩን ቀድሞ ወረደ። በምርኩዙ መሬቱን እየነካ ወደ ታች ሄደ። ባየሽ ተከትላው ልትይዘው ስትል በእጁ መለሳት። አሸዋውን እዚህ ነካ፣ እዚያ ነካ፤ ወደ ቀኝ ራቅ ብሎ እንደገና ነካ። ከጎማው መንገድ ውጭ፣ ጠጠር የበዛበት ጠንካራ ቦታ አገኘ። እዚያ ላይ ቆሞ፣ «እኔ ወዳለሁበት ነይ። ነዳጁን እኩል ያዥው፤ መሀል ላይ እንዳትቆሚ» አላት።

ባየሽ ተመልሳ መሪው ላይ ተቀመጠች። ለሾፌሩ አመሰግናለሁ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችው። አንደኛ ማርሽ አስገብታ ወረደች። አሸዋው ሲነካት ባጃጇ ወገቧን አወዛወዘች፤ ባየሽ ግን ዓይኗን ከማዶው አፋፍ አልነቀለችም። ጎማዎቹ ጠጠሩን ሲያገኙ ድምፁ ተለወጠ። ለይኩንን አልፋ፣ አሸዋውን አልፋ፣ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጥታ አናቱ ላይ ቆመች። ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ በስልኩ ሲቀርጻት ነበር፤ ስትደርስ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። ለይኩን ዱካዋን በምርኩዙ እየተከተለ ሲደርስ ላቡን ጠረገና፣ «አውቶቡሱን በዚህ ሳሻግር አንድም ቀን እንዲህ አልተደሰትኩም» አላት።

ሽንፋ ሲደርሱ ገበያው ሞልቶ ነበር። ባየሽ በግመልና በአህያ፣ በሰሊጥ ጆንያና በሰው መሀል ክላክስ እያሰማች ቀስ ብላ አለፈች። ሰው ቶብ ለብሳ ባጃጅ የምትነዳ በዕድሜ የገፋች ሴት አይቶ አያውቅምና መንገድ ከፍቶ ይመለከታታል። አንዱ አሮጌ ደላላ ኋላ የተቀመጠውን ሰው አየና፣ ለይኩን ሾፌር ነው ብሎ ተጣራ። ስሙ ከአፍ ወደ አፍ ቀድሟቸው ሄደ። ከአብዱልሀኪም ሱቅ ደጅ ሲደርሱ ሰውየውን ከነወንበሩ በረንዳ ላይ አውጥተውት አገኙት። ሽበቱ ሁሉን ውጦታል፤ ግራ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቷል፤ ቀኝ እጁ ግን ገና ሳይቆሙ ተዘርግቶ ነበር።

ለይኩን በባየሽ ተደግፎ ወረደና ስሙን ወደሚጠራው ወዳጁ ሄደ። ተቃቀፉ። ለረጅም ጊዜ ማንም ማንንም አልለቀቀም። ከዚያ አብዱልሀኪም ዓይኑን በመዳፉ ጠረገና ባጃጇን ተመለከተ።

«ነድቶ ያመጣህ ማን ነው?»

«ባየሽ ናት።»

«እና አንተ ረዳት ሆንክ በለኛ።»

ተሰብስቦ የነበረው ሰው ጠጋ ጠጋ አለ። ለይኩን ወደ ሚስቱ ዞረ፤ መልኳን ባያይም የት እንደቆመች ያውቃል።

«ሆንኩ» አለ። «እንደሷ ያለ ሾፌር ካገኘሁ ጡረታዬንም ትቼ ረዳት እሆናለሁ።»

ሳቁ በረንዳውን ሞላው። አብዱልሀኪም ፍየል አሳረደ፤ የሱቁ ደጅ እስኪመሽ ሰው ሲገባበትና ሲወጣበት ዋለ። የድሮ ተሳፋሪዎች እየመጡ ለይኩንን እጁን ይዘው ራሳቸውን አስተዋወቁ፤ እሱም ድምፃቸውን ሰምቶ አንዱን በወንበር ቁጥሩ፣ አንዱን በጭነቱ፣ አንዷን በመንገድ ላይ በወለደችው ልጅ አስታወሰ። ተደግፎ መውረዱን ያነሣ ሰው አልነበረም። ባየሽ ከአብዱልሀኪም ባለቤት ከዘምዘም ጋር ተቀምጣ ስለ ወንዙ አሸዋ ስታወራ ሴቶቹ ከበዋት ነበር። በማግስቱ ሲመለሱ ዘምዘም ዘንድ የነበሩ ሁለት ሴቶች ለሕክምና ገንዳ ውሃ መሄድ ፈልገው ስለነበር ባየሽ ጭና ወሰደቻቸው። ለይኩን እንደ ረዳት ከፊት ጠርዝ ላይ ሊቀመጥ ፈልጎ ነበር፤ ሕግ አይፈቅድም ብላ ኋላ አስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ በቀሩት የበጋ ሳምንታት በየቅዳሜው ሽንፋ ወረዱ። በሌላው ቀን ለይኩን ጠዋት ባጃጇ ላይ ተቀምጦ ከተማውን ይዞራል፤ ሻዩን በየበረንዳው ይጠጣል፤ ባየሽ ታወርደዋለች፣ ታሳፍረዋለች። እሱም ተደግፎ መውረድን ለመደው። የትናየት ባሕር ዳር ሆና እናቷ ወንዝ ስትሻገር የጭነት መኪናው ሾፌር ያነሣውን ቪዲዮ ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ አሳየች።

በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ ከደባርቅ ሲወርዱ ኩብራ ከግቢው በር ላይ ተቀበለቻቸው። ሻንጣው ገና ከትከሻ ሳይወርድ፣ ዓመቱን ሙሉ መሪ ላለመያዝ ሰበብ ስትፈልግ እንደቆየችና አሁን ግን ሰበብ መፈለግ እንደተወች ነገረቻቸው። እትዬ ባየሽ፣ እኔንም አስተምሩኝ አለች። አብዱረሕማን ከኋላዋ ቆሞ በፈገግታ አንገቱን ይነቀንቃል።

በማግስቱ ጠዋት ኩብራ መሪው ላይ ተቀመጠች። ባየሽ ከጎኗ ቆመች፤ ለይኩን ሸሚዙን ቆልፎ ኋላ ገባ። ሞተሩ ተነሣ፣ ዘለለ፣ ጠፋ። ኩብራ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ባየሽና ለይኩን በአንድ ድምፅ፣ «እንደገና» አሏት።